የታችኛው ድምፅ

ኅዳር 3፣ ከሰዓት

መብራት መጣ፤ ስለዚህ ሥራ። የቤ/ክ መዘምራንን ቅጂ ገፋ አድርጌ ሲንተሳይዘሩን፣ ድምፅ መፍጠሪያ ማሽኔን፣ ከፈትኩ። ሰባት ድምፅ ሰጠሁት። ሐረጉን ራሱ እያመነጨ ይወረውራል፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ነፍስ የለውም። የበር ደወል ነው የሚመስለው።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ የሞተው ሰኔ ላይ ነው። እዚህ በወረዳችን፣ ሸዋ ቤንች በኩል፣ ያሉት ቀርከሃ ነፊዎች ከእሱ ጋር ሰባት ነበሩ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀርከሃ፣ አንድ ድምፅ። ዜማ የሚሆነው ሲቀባበሉት ነው። ወፍራሙ፣ ታችኛው፣ የአባዬ ነበር። ከመካከላቸው ሰው ሲሞት የቀሩት የቡናው ምርት እስኪገባ አይነፉም። ከዚያ መቃብሩ ላይ አንድ ጊዜ ይነፉለታል። ዘንድሮ የሚነፋው ለአባዬ ነው፣ ታችኛው ድምፅ ግን የለም።

ቀርከሃው የልጅ ነው፣ ማለትም የእኔ። ግን ባለቤቱ በሕይወት እያለ ማንም አፉን አያስነካውም። ሕጉ ነው። ስለዚህ አልተማርኩም። ከቀብሩ በኋላ ሞከርኩ። ምራቅ ብቻ ወጣ። የቡድኑን አለቃ ጋሽ አዳነን ማሽኔ ይነፋዋል አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝና እስቲ እንሰማው አለ።

ኅዳር 5

ዛሬ ኤንቨሎፑ፣ የድምፁ አካሄድ መቆጣጠሪያ፣ ላይ ነኝ። አራት ማዞሪያ። ድምፁ እንዴት እንደሚነሳ፣ እንዴት ረገብ እንደሚል፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ እንዴት እንደሚጠፋ። አንድ ድምፅ ተወልዶ የሚሞተው በእነዚህ አራት ነው።

ስልኬ ላይ አባዬ በረንዳው ሥር ብቻውን ሲነፋ የቀዳሁት አለ፣ የባለፈው ፋሲካ። ቀስ ብሎ ይነሳል። ወዲያው ረገብ ይላል። መጨረሻው ላይ ተንቀጥቅጦ ይቆረጣል። ደጋግሜ እያዳመጥኩ ማዞሪያዎቹን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ። ከዚያ ማሽኑ ሐረጉን ሲያመነጭ ታችኛው ተራ ደረሰ፣ ነፋ።

አባዬ! ብድግ ብዬ ጨፈርኩ፣ ብቻዬን፣ እንደ እብድ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኅዳር 8፣ ምሳ ሰዓት

እማዬ ደጅ የተሰጣውን ቡና ስታገላብጥ ቆይታ ገባች። አሰማኋት። እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ቆመች፣ ከዚያ ተቀመጠች። ጎበዝ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ይሄ የታመመው ነው አለች።

እንዴት አልኳት። ሲያገባኝ ጊዜ አንዴ ከነፋ የጎረቤት ውሻ ጮኾ ጮኾ ይደክመው ነበር አለች። ያ መንቀጥቀጥ፣ ያ ቶሎ መቆረጥ የታመመው ደረቱ ነው አለች። እኔ አነፋፉ መስሎኝ! ሳሉን ነው በማዞሪያ የቀረፅኩት። ወይ ጉድ። ቤት ውስጥ አብሬው ኖሬ፣ ይህን ሳላውቅ።

ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 9

አድነዋለሁ። ሐኪም ያቃተውን በጣቴ። የመቆያውን ማዞሪያ ወደ ቀኝ፣ ሞላ አድርጌ። መንቀጥቀጡን አጠፋሁ። ረጅም፣ ደልደል ያለ ድምፅ ሆነ። ቅጂ የለውም፣ ከእማዬ አፍ ነው የሠራሁት። አሰማኋት። ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ ጓሮ ወጣች።

ወደደችው ብዬ ልጻፍ? አላውቅም።

ኅዳር 12፣ ማታ 1 ሰዓት

ልምምድ ነበር። ሲንተሳይዘር፣ ባትሪ፣ ስፒከር፣ ሁሉን በባጃጅ። ስድስቱ ሽማግሌዎች ጋሽ አዳነ ደጃፍ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጀመሩ። ማሽኑ ገባ። ተጋጨ። እንደገና። ተጋጨ። ታችኛው ድምፅ በተነፋ ቁጥር ሁሉም ትንሽ ቆም ይላሉ። የእኔው ድምፅ ደግሞ በላያቸው ተዘርግቶ ይቀራል። ዘገያችሁ አልኳቸው። ማሽንህ ቸኮለ አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ተከራከርኩ። ለሽማግሌ! አፌ ይቆረጥ።

ጋሽ አዳነ ቀርከሃውን ጉልበቱ ላይ አስተኛ። ሦስት ዓመት ሙሉ አባትህ ትንፋሹን እስኪሰበስብ እንጠብቀው ነበር አለኝ። ተነጋግረው አይደለም። አንዱ ቆም አለ፣ ሌላው ተከተለ፣ ዜማው በዚያው ለመደ። ለአባዬ ማንም አልነገረውም። እሱም ወይ አላወቀም፣ ወይ አውቆ ዝም አለ።

መከራከሩን ትቼ ማሽኑን ወደ መጀመሪያው ድምፅ መለስኩት። ወደታመመው። ገጠመ። ልክ ቦታው ገባ፣ እነሱ ቆም ሲሉ እሱ ተንቀጥቅጦ አለቀ። አንድም ሰው እስከ መጨረሻው አልነፋም። አንደኛው ሽማግሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጋሽ አዳነ በቀስታ፦

«አጥፋው ልጄ። አንዴ ቀብረነዋል።»

አጠፋሁ። ሽቦውን ጠቀለልኩ። ሲሸኘኝ ቀርከሃው የት ነው አለኝ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አልኩት። ይዘኸው ና አለኝ። አልችልም፣ ትንፋሽ የለኝም፣ ለመልመድ ዓመት ይፈልጋል አልኩ። ባጃጁን በእጁ መታ መታ አድርጎ ሾፌሩን ሂድ አለው።

ኅዳር 13

ቤ/ክ ኪቦርዱን ሁለት ቦታ ሳትኩ። መዘምራኑ ዞር ብለው አዩኝ። ናፍቆኛል። በቃ፣ ናፍቆኛል። ሳሉም ሳይቀር። ሌላ የምጽፈው የለም።

ኅዳር 15፣ ጠዋት

ያዳንኩትን ድምፅ ሰረዝኩት። ያ ሰው አባዬ አልነበረም። የታመመው ይቀመጥ፣ ለእኔ።

ቀርከሃውን አወረድኩ። አቧራውን ጠረግኩ። አፉ በአባዬ ከንፈር ልክ ለስልሷል። ነፋሁ። ምራቅ። ነፋሁ። ነፋስ። እንደገና ስነፋ አንድ ነገር ወጣ፣ ወፍራም፣ ስንጥቅ ያለ። ተነሳ፣ ወዲያው ሞተ። ዓይኔ ተጭበረበረ፣ ግድግዳ ያዝኩ። የሚያስረዝመው ማዞሪያ የለም።

ውጭ ቡናው የሚገላበጥበት ድምፅ ቆመ። እማዬ ትሰማ ነበር። ከዚያ ማገላበጧን ቀጠለች።

ነገ ነው መቃብሩ ላይ የሚነፋው። ሲንተሳይዘሩን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ፣ እዚሁ ይቀራል። ቀርከሃውን ይዤ እሄዳለሁ። ትንፋሼ አጭር ነው።

ይጠብቁኛል።