በጠርሙስ የላክሽልን ልጅ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን አለሽልኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ‹ልኝ› የምትለዋን ግን ዛሬ አንስቻታለሁ። እንደምን አለሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? ባልሽስ ሥራው እንዴት ነው? ቤታችሁ ይሞቃል ወይ? ይኼን ሁሉ የምጠይቅሽ ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ሰላምታውን ሳታሟዪ ወደ ነገር እንዳትገቢ ስላለችኝ ነው። ይኸው አሟላሁ። እማዬ ደህና ናት። እኔም ንዴቱ ካልገደለኝ ደህና ነኝ።

ልጅሽስ እንደምን አለችልኝ? ለእሷ ‹ልኝ›ዋን ትቼላታለሁ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም።

ደብዳቤ የጻፍኩት ስልክ ላይ ከመሃል እየገባሽ ወሬ ስለምታስቀይሪ ነው። እዚህ እስከ መጨረሻው ከማንበብ በቀር ምርጫ የለሽም።

ነገሩ የተጀመረው ከአሬራ ነው። እማዬ ጥርሷ ከሳሳ ወዲህ ደስ ብሏት የምትበላው በአሬራ የሚቦካውን ለስላሳ ዳቦ ብቻ ነበር። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ወተቷን እንዳለ ለፋብሪካ ማስረከብ ጀመረችና መናጥ ተወች፤ አሬራውም በዚያው ቀረ። እኔ ዳቦ ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ሊጥ ሳገላብጥ እየዋልኩ የገዛ እናቴ ዳቦ ድንጋይ ሆነብኝ። ይህን ብሶት ነገርኩሽ። የነገርኩሽ እንድትሰሚኝ ነበር፤ አንቺ ግን መፍትሔ አታጪም አይደል? ኬፊር የሚባል ነገር አለ፣ እኔ እዚህ በአሬራ ፈንታ ለሁሉ ነገር እሱን ነው የምጠቀመው፣ እልክልሻለሁ አልሽ። እሺ አልኩሽ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብሽም።

ጥፋትሽ እኔ ሥራ በዋልኩበት ቀን ለእማዬ ደውለሽ የተናገርሽው ነው። ‹እማዬ፣ ልጄን ልኬልሻለሁ፤ ነርሷ ጓደኛዬ ይዛት ትመጣለች። ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀምጧት፤ ወተቷን በየቀኑ እንዳታጓድሉባት› አልሻት። ከዚያ ሥራ ገባሁ ብለሽ ዘጋሽው።

ኬፊር ቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ወተት የምታረጋዋን ዋና እርሾ ‹እናት›፣ ከእሷ ቆንጥረው ለሰው የሚሰጧትን ‹ልጅ› እንደሚሉ እማዬ በምን ታውቃለች? እኔስ ብሆን? እኛ ቤት እርሾ እርሾ ነው። ደግሞ አንቺ ከድሮም የወደድሽውን ዕቃ ሁሉ ‹እሷ› ማለት ትወጃለሽ፤ ማንኪያሽ እንኳ ‹እሷ› ነበረች። የስድስት ዓመት ልጅ ያለሽ ሴት ‹ልጄ› እና ‹ወተቷ› ብለሽ ስትናገሪ እናትሽ ምን እንድትሰማ ነው የፈለግሽው? በየዓመቱ እኔ መምጣት ባይሆንልኝ እንኳ ልጄን እልካታለሁ ስትዪ የኖርሽው አንቺው ነሽ። እማዬ እንደሆነች አንድም ቀን ተጠራጥራሽ አታውቅም።

ከሥራ ስገባ ቤቱ ተገለባብጦ ጠበቀኝ። ያንቺን የድሮ አልጋ ከዕቃ ቤት አስወጥታ፣ አናጢው ጎረቤታችን እግሩን እያጠበቀላት ነበር። ትመጣለች አለችኝ። ማን ብላት ‹የልጄ ልጅ ናታ!› አለች፣ የማይጠየቅ የጠየቅሁ ይመስል። ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም። ደግሜ ስደውል ሥራ ላይ ነኝ የሚል አጭር መልእክት ላክሽ። እኔም አመንኩ። እማዬ ብቻ ናት የተሞኘችው ብዬ አልዋሽሽም፤ የትራሱን ልብስ አጥቤ የተኮስኩት እኔ ነኝ።

ቀሚስም ሰፋችላት። ዓይኗ እንደደከመ ታውቂያለሽ፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ ያለውን ያቆይላታል እንጂ የሄደውን አይመልስም ብሎናል። እኔ ክሩን መርፌው ላይ እየሰካሁላት እሷ በጣቷ እየዳሰሰች ሰፋችው። ልኳን ከየት አመጣሽው ስላት፣ አንቺ በስድስት ዓመትሽ ከበሩ እጀታ ጋር ትስተካከዪ እንደነበር አስታውሳ በዚያው በር ለካችው። አንዱ እጅጌ ትንሽ ተንጋዷል። ጨርቁ ቢጫ ነው፤ ቢጫ አሁንም ትለያለች።

ነርሷ በምትመጣበት ቀን እማዬ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ወንበር አስወጥታ በር ላይ ተቀመጠች። ነርሷ ከታክሲ ወረደች። በእሷ አልፈርድም፤ ክዳኑን አጥብቀሽ ዘግተሽባት መንገድ ላይ ተስፈንጥሮ ልብሷ ሁሉ ኮምጥጦ ነበር። እማዬ እሷን ሰላም እንኳ ሳትል አልፋ የታክሲውን የኋላ ወንበር በእጇ ትዳስሳለች። ሹፌሩን ቆይ አባቴ፣ ልጅ አለች፣ እንዳትንቀሳቀስ ትለዋለች። ሹፌሩ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ያያል። ‹ትንሿስ?› አለች እማዬ። ነርሷ ምኑንም ሳታውቅ በፎጣ የተጠቀለለውን ጠርሙስ አቀበለቻትና ‹ይቻት እናቴ፣ በሰላም ገብታለች› አለቻት።

እማዬ ፎጣውን ገልጣ ጠርሙሱን ዙሪያውን ዳሰሰችው። ውስጡ ያለው ወተት ውስጥ የወደቀ የአበባ ጎመን ቁራጭ የመሰለ ነገር ነው። ‹ቀላል ናት› አለች። ነርሷን አስገብታ፣ ውኃ አሙቃ ልብሷን አጠበችላት፤ እንግዳ ናትና። ቀሚሱን አጥፋ ትራስ ሥር ስትከት ግን አይቻታለሁ።

በማግስቱ ደወልሽ። እናቴ እንዴት ናት አላልሽም፤ ልጄ ደረሰች ወይ፣ ወተቱን አረጋችው ወይ ነው ያልሽው። የሆነውን ስነግርሽ ሳቅሽ። መጀመሪያ የምታለቅሺ መስሎኝ ነበር። ስቀሽ ስቀሽ፣ አይ የእማዬ የዋህነት አልሽና፣ ትንፋሽሽ ሲመለስ ‹ለመሆኑ በአሬራው ፈንታ ሞከርሽው?› ብለሽ ጠየቅሽኝ። የስልኩን ነገር ኔትወርክ ነው ብለሽ እንዳትጽናኚ፤ ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

መልሱን ከፈለግሽው ይኸውልሽ። ሞክሬዋለሁ። ከአሬራ ስለሚወፍር በጥቂት ውኃ ማቅጠን ያስፈልገዋል፤ አንቺ ይህን ስላልነገርሽኝ የመጀመሪያው ዳቦ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ሶዳውን ከዱቄቱ ጋር ቀድሞ ማዋሐድ ነው፤ ኬፊሩ ሲነካው ወዲያው አረፋ ስለሚያወጣ ሳይበርድ ምድጃ መግባት አለበት። ለሾርባም ይሆናል ብለሽኝ እሳት ላይ እንዳለ ጨመርኩት፤ ተበጣጥሶ ድስት ሙሉ አበላሸብኝ። ለዶሮ መዘፍዘፊያ ግን ጥሩ ነው፣ ሥጋውን ያለሰልሳል። ዳቦውም አሁን ለስልሷል፤ እማዬ ሻይ ሳትነክር ታኝከዋለች። ተናድጄም ቢሆን የሆነውን አልሆነም አልልም። እርሾዋም ተራብታ ሌላ ጠርሙስ ፈልጋለች። እናት መጦሩ ያነሰኝ ይመስል፣ በየቀኑ ወተት የሚጠጣ ጨመርሽልኝ።

እማዬ መጀመሪያ ዳቦውን አልቀምስም ብላ ነበር። አንድ ጠዋት ቁራሽ አንስታ ‹የልጅ ልጄን ጋግረሽ ልታበዪኝ ነው?› አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች። የእሷ ሳቅና ያንቺ ሳቅ አንድ አይደለም፤ እንዳታመሳስዪው።

አሁን ወተቷን የምትሰጣት እማዬ ናት፤ እኔን አታስነካኝም። በወንፊት ታጠልላታለች፣ ጠርሙሱን ትለቀልቃለች፣ ጨርቅ ትሸፍንላታለች። ያስቀመጠቻት የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ባዶው አልጋ ራስጌ። አናጢው ሲመጣ አልጋውን ልፍታው ወይ ቢላት ተወው አለችው።

ስሚኝ እንግዲህ። ነገር በነገር በመተካት የሚያህልሽ የለም። በመምጣት ፈንታ ዕቃ ትልኪያለሽ። ዕቃው ሲያልቅብሽ ፎቶ ትልኪያለሽ። ፎቶውን እማዬ ስልኩን አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ ታየዋለች፤ መብራቱ ጠፍቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ በኋላም ‹ታምራለች› ትላለች። በአንቺ ፈንታ እኔ አለሁ፤ እሱን ለምጄዋለሁ። በአሬራ ፈንታ ኬፊር ይሆናል ብለሽ ነበር፣ ሆኗል። በልጅቷ ፈንታ ግን ሁለተኛ ምንም እንዳትልኪ። ሐኪሙ በመጪው ዓመት ሰው በመልኩ ትለይ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለም። ሥራ፣ ፈቃድ፣ የአውሮፕላን ወረፋ የምትዪውን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ እንዳትደግሚልኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዘሻት ነይ።

እማዬ ዕቃው ደርሶናል፣ ደስ ብሎናል፣ ቅር አላለንም ብለሽ ጻፊ ብላኛለች። አንብቢልኝ ስትለኝ እንዲያ ብዬ አነብላታለሁ። አንቺ እውነቱን ያዢ።

እማዬ ሁለት ጉንጭሽን ትስማለች። አናጢው ሰላም ብሎሻል፤ የአልጋው እግር አሁን ዝሆን ቢተኛበትም አይነቃነቅም ይልሻል። ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺ፤ እሱ አልሳቀም ብዬ ልገምት። ለልጅሽ ግንባሯን ሳሚልኝና አያትሽ አልጋሽን አንጥፋ ትጠብቅሻለች በያት።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ነርሷ ናት። ሻንጣዬ ቦታ አለው፣ ቀሚሱንም ላድርስላት ብላ ነበር። እማዬ እጇን ወደ ትራሱ ስትሰድ እኔ ከለከልኳት። ቀሚሱ አይላክም። በበሩ እጀታ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አጥሮባት እንደሆነ፣ ሰፍቷት እንደሆነ፣ አያቷ ልጅቷን አቁማ በእጇ ዳስሳ ታውቀዋለች።

ታላቅ እህትሽ
ከእማዬ ቤት፣ ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ ሰኔ ፫ ቀን