እኔ የጨመርሁት ስንኝ

ይሁኔ፣ የእህቴ ልጅ፣ ለመሆኑ ሰው ለአጎቱ እንዲህ ያለ ጃንጥላ ትቶ ይሄዳል? ሁለት ሽቦዋ ተሰብሮ ክረምቱን ሙሉ ግራ ትከሻዬን ዝናብ ስታስመታኝ ከረመች። ሐይቁ ከወሰደህ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ፤ እስከ ዛሬ ዝም ያልሁት አክብሬህ ነው።

እናትህ ደኅና ናት። አልጋህን ግን አሁንም ታነጥፋለች፤ አስከሬን አላየሁምና ልጄ አልሞተም ትላለች። ቀበሌ ውይይት ላይ ስለዚያ መጽሐፍህ ቢጠይቁኝ፣ የቻይና ጭቁን ገበሬዎች ስለ ምርት የጻፉት ነው ብዬ አዳራሹን አስጨበጨብሁት።

በወረታው መንገድ ሥራ ሾፌር ሳለህ ቻይናው አስተርጓሚ የሰጠህን መጽሐፍ ማለቴ ነው፤ የጥንት ቻይናዎች ስለ በዓሎቻቸው የገጠሙት፣ በእንግሊዝኛ የተመለሰው። እሑድ እሑድ እኔ መዝገበ ቃላት እያገላበጥሁ ስተረጉም፣ አንተ ሣሩ ላይ ተጋድመህ ትሰማ ነበር። አዲስ ዓመት ቢሉ፣ የመከር ጨረቃ ቢሉ፣ ከደስታው መሐል ሁልጊዜ አንድ የጎደለ ሰው አለ። በእኛ ነሐሴ ገደማ ደግሞ ለሙታን ወንዝ ላይ መብራት የሚለቁበት በዓል አላቸው። እዚያ ግጥም ላይ ስደርስ ተንኮሌ ተነሣብኝና የራሴን ስንኝ ጨመርሁበት፤

ውኃ ላይ የተውሁት መብራት ከተመለሰ፣
የላክሁለት ሰው ነው ደጄ ላይ የደረሰ።

ፊትህ ተለወጠ። እውነት መጽሐፉ ውስጥ አለ ወይ ብለህ ሦስት ጊዜ ጠየቅኸኝ፤ በአባቴ አጥንት ብዬ ማልሁልህ። በዚያው ሳምንት ወደ ደቅ ደሴት ስትሻገር ማዕበል ታንኳህን ገለበጠው። ለአንተ የነገርሁህ የመጨረሻ ነገር ውሸት ሆኖ ቀረ። ቀን ከሌት የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ትናንት ቡሄ ነበር። ሰፈሩ ችቦ ሲያበራ እኔ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ያችን ስምህን በሚስማር የጫርህባትን የቆርቆሮ ኩራዝህን ለኩሼ በደንገል እስር ላይ አስቀመጥሁና ለቀቅኋት። ነፋሱ ወደ እኔ ይነፍስ ነበር፤ እሷ ግን ነፋሱን ተቃውማ ሄደች። ከዓይኔ እስክትሰወር አየኋት፤ ነበልባሏ አንድ ጊዜ እንኳ አልተወዛወዘም።

እንግዲህ ይቅር በለኝ ልልህ ነው ወረቀት ያነሣሁት። በር ተንኳኳ፤ ቆየኝ።

ተመለስሁ። ከደቅ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም። ኩራዝህን ይዟል፤ በዚህ ዝናብ ትነድዳለች። ሐይቁ መሐል ብቻውን ታንኳ ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ሰጠኝ አለ።

«መልእክትም አለው፤ ለጋሼ አድርስልኝ። ስንኙ የራሳቸው እንደ ሆነ ያኔም አውቄ ነበር፤ አሁን መጽሐፉ ላይ ይጻፉት በልልኝ አለኝ።»

እጽፈዋለሁ፣ ይሁኔ። ከሥሩ ስምህን አሰፍራለሁ፤ ነሐሴ በመጣ ቁጥር ለእናትህ አነብላታለሁ።

እንግዳውን ግባ ብለው እንቢ አለ፤ ብቻዬን አይደለሁም ይላል። ጃንጥላህን ይዤ እየወጣሁ ነው።