ጭስ ጭስ ያለኝ ውስኪ

ዓይኔ፣ ፈጣሪ በሄድክበት ሁሉ ይጋርድህ። እኛ ደህና ነን፤ አባትህም ወገቡን ተሽሎት ወደ ስፌቱ ተመልሷል።

ለእሱ የላክኸውን ስኮች ውስኪ ስከፍተው ጭስ ጭስ አለኝ። ተበላሽቷል ብዬ እንጥፍጣፊ ሳላስቀር የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ቡና ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች፦ «እትዬ፣ የሚወደድለት ጭሱ እኮ ነው! ጀማሪን ከከበደው ውሃ ጠብ አድርጎ፣ አሽትቶ፣ ቀስ ብሎ መቅመስ ነው።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባትህ ስልክ ላይ «ግሩም ነው!» ያለህ ጠብታ ሳይቀምስ፣ እኔን ላለማሳጣት ነው። አሁን አንተ ከመደወልህ በፊት ባዶውን ጠርሙስ እያሸተተ የሚልህን ያጠናል።

ስትመጣ ለስለስ ያለውን መርጠህ ራስህ አቅምሰው። በሰላም ያገናኘን። እስከዚያው ግን ልጄ፣ ስለ ጣዕሙ ደጋግመህ አትጠይቀው፤ የሚለው አልቆበታል።

እናትህ