የሊኒያ ሜዳ

ዌንደል፣

አልጋና ጠረጴዛ ባለው የቤት መኪናችን አገር ለምናቋርጥበት ጉዞ መንገዱን የመረጠችው እህቴ ሊኒያ ነበረች፤ መኪናው ሲንገጫገጭ ጀርባዋን ስለሚያማት ሜዳ ሜዳውን። ዛሬ ጠዋት ነዳጅ ስንቀዳ አባዬ፣ "አሁንማ በተራራው መሄድ እንችላለን፤ የነብራስካ ሜዳ ከበቆሎ ሌላ ምን አለው?" አለ።

"አሁንማ ማለት ስለሞተች ነው?" ብዬ ካርታዋን ይዤ በሩ ላይ ተገተርኩ።

"ዞር በል፣ አንተ ግትር!"

"አልልም! በተራራው ከሄድክ እኔ በእግሬ ነኝ።"

ቆይቶ ወደ ሜዳው ታጠፈ። በቆሎው እንደኛ ሰፈር በቆሎ ማለቂያ የለውም። ሊኒያ መንገድ የምትፈትነው ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጣ ነበር፤ እኔም አስቀመጥኩ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው። እናትህን ሳምልኝ። የክፍላችንን ልጆች፣ የሊኒያ መንገድ ቀኑን ሙሉ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም በላቸው።

ሶረን