ጭጭ የሚለው ሬዲዮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ እንጅባራ

የጥበቃ ኃላፊያችን ዛሬ አፈረ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እሱ ግን ማፈር የት ያውቃል! ዲግሪ አለው አሉ። ባለፈው ሳምንት ታችኛውን በር ስጠብቅ በቀትር በሬዲዮ ጠርቶኝ ስላልመለስኩ «ተኝተሽ ነው» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። በልጄ ዕድሜ ሆኖ አንቺ ይለኛል። አንድ ከደገመኝ ከፋብሪካው መባረሬ ነው።

ዛሬ አዲሶቹን የእጅ ሬዲዮዎች የሚጠግነው ባለሙያ ከዳንግላ መጣ። የእኔን ባትሪ ለወጠ፤ አንቴናውን አጠበቀ፤ ከዚያ አብሮኝ ወደ ታችኛው በር ወረደ። በሩ ካለበት ገደል ሥር ስንደርስ ሬዲዮው ጸጥ አለ።

«እማማ፣ የድሮው ሲርቅ ሽሽ እያለ ያስታውቃል። ዲጂታሉ ግን እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይሰማና ድንገት ጭጭ ይላል። እርስዎ ምንም አላጠፉም» አለኝ።

ይህንኑ ለኃላፊው ነገረው። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ።

«ታዲያ እዚያ እንደማይሰማ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በምን ልንገርህ? በሬዲዮ?» አልኩት።

ጥበቃዎቹ ሁሉ ሳቁ። ማስጠንቀቂያውን ግን ከፋይሌ አላወጣውም። ግልባጩን አሁንም አነበብኩት፤ «በሥራ ላይ ተኝታ ተገኝታለች» ይላል። በስተርጅና ማታ ማታ ፊደል የቆጠርኩት ይህን ላነብ ኖሯል።