በበሩ የቆሙት የጉም አገር ሰዎች

ወለተ ማርያም፣ የቤቴ ሞገስ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ባለሽበት ይድረስሽ። በሞት ከተለየሽኝ ወዲህ ፍልሰታ ሁለት ጊዜ ተጾመ፤ በሁለቱም ሱባኤ ስምሽን ለካህናቱ ሰጥቼ አሳስቤሻለሁ። ዛሬ ግን በጸሎት ልናገረው ያልደፈርኩት ነገር ስላለኝ ብዕር አነሣሁ።

ቀጨኔ ያለው ቤታችን ሊፈርስ ነው። መንደሩ በሙሉ እንዲነሣ ተወስኖ ምትክ ቤት በዕጣ ደረሰን፤ ዕጣውም እኛን ወደ አንዱ የከተማ ዳር፣ ጎረቤታችንን ወይዘሮ ዘነበችን ወደ ሌላው ዳር ጣለን። አንሄድም አላልንም። አንድ ላይ አስፍሩን፣ በዕድራችንና በማኅበራችን፣ በገዛ ሽማግሌዎቻችን እየተዳኘን እንኑር ነበር ልመናችን። ደጅ ጠንተን የሚሰማን አጣን።

የማርያም ጽዋ ተራው ወደ ቤታችን ዞሮ በአንቺ ፈንታ እኔ ተረክቤዋለሁ። ባለፈው ወር በዕለቷ ዳቦውንና ጠላውን አሰናድቼ ጠበቅሁ። ከመንደሩ ቀድመው የወጡት ማኅበርተኞች መንገዱ ርቋቸው ቀሩ፤ የመጡት ወይዘሮ ዘነበች ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ ጠላ ለእኔ ብቻ ካሉ፣ መምህር፣ ቤቴ ድረስ ተሸክመው ያደርሱኛል ብለው ቀለዱ፤ ወዲያውም አለቀሱ። ተረካቢዋ ተረኛ በሌለችበት ጽዋው ከቤት አይወጣምና እኔው ዘንድ ቀረ።

የልጅ ልጃችን ማርታ ደግሞ ያን ተረትሽን ይጨርሱልኝ ትለኛለች። አገራቸውን ጉም የዋጠባቸው፣ ንጉሥ የሌላቸው፣ ዳኝነትን ከቤት ወደ ቤት በተራ የሚያዞሩ ሰዎች ተረት። የባዕድ አገር ንጉሥ መሬት እሰጣችኋለሁ፣ ነገር ግን ተበታትናችሁ ትሰፍራላችሁ፣ በእኔም ዳኞች ትዳኛላችሁ ቢላቸው፣ አንድ ላይ ካልሆነ አንገባም ብለው በበሩ ቆሙ። እዚያው እንዳቆምሻቸው ታመምሽ። ጽዋውን ከቤት ወደ ቤት በዝማሬ ስታጅቢ የኖርሽ አንቺ ነሽና፣ የዳኝነታቸውን ሥርዓት ከየት እንደቀዳሽው የገባኝ ዘንድሮ ነው።

እኔም እንደለመድኩት የእስራኤልን መውጣት ተዋስኩ፤ ነቢይ አስነሥቼ ባሕር ከፈልኩላቸው። ማርታ አኮረፈች። በጉም አገር ባሕር የለም፣ አያቴም አለቃ አልሾመችላቸውም አለችኝ። እውነቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መጻሕፍት ስተረጉም ኖሬ ለእነዚያ ሰዎች የሚሆን ፍጻሜ አጣሁ፤ ለእኛም አጣሁ። ጸሎቴ እንኳ ከሙግት አልፎ ምስጋና ላይ አይደርስም። ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩ፣ ለአንቺ ብቻ ነው።

ማርታ ግን፣ በሩ ላይ እስከቆሙ ድረስ ገና አልተለያዩም አይደል ብላ ጠየቀችኝ። አዎን አልኳት። የእኛ መንደር ግን የሚቆምበት በር እንኳ አላገኘም። በዚህ ሳምንት ከቀጨኔ እንወጣለን።

ጽዋውን በነጠላሽ ጠቅልዬ በጉልበቴ ላይ ይዤው እሄዳለሁ። የሚረከበኝ ባይመጣም በየወሩ በዕለቷ ዳቦ ቆርሼ ስምሽን እጠራለሁ። ተረቱን ግን አልጨርሰውም። ማርታ በጠየቀችኝ ቁጥር የጉም አገር ሰዎችን እስከ በሩ አደርሳቸውና፣ አንቺ እንዳቆምሻቸው አንድ ላይ አቆማቸዋለሁ።