ብረት የጠጣው አየር

ሆሳዕና፣ ሐምሌ 1976፣ ሰኞ

አፈሰሰ። የቦኖሻ ጤና ጣቢያ የሚጠብቀውን የውሃ ታንከር ሞልተን ዞር ሳንል እኔ በበየድኩት መስመር ላይ ጠብታ ተደረደረ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከተመረቅኩ ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ! የብየዳ ቤቱ ኃላፊያችን ዓርብ ስንሞላውም ካፈሰሰ ብየዳውን ትቼ ብረት ቆራጭ እንደምሆን ብቻ ነገሩኝ። ዋናው በያጅ ጋሽ ላምቤቦ «ጓድ ዲፕሎማ፣ ወረቀትህን ለጥፍበት» ብለው ሳቁ።

ማክሰኞ

መስመሩን በመሮ ከፈትኩት። ውስጡ ወንፊት ነው። ደብተሬን ገለጥኩ፦ የቀለጠ ብረት ጋዝ ይጠጣል። ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ ዛሬ በጣቴ ዳሰስኩት። ብረት እኮ ነው! ለጥቂት ሰከንድ ሲቀልጥ ያገኘውን አየር ይጠጣል፤ ሊጠነክር ሲል ሊተፋው ይሞክራል፤ ያልወጣው አረፋ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ምሳዬን ረሳሁት።

የጠረጠርኩት፦ በክፍቱ በር የሚገባው ነፋስ። እጄ (የመበየጃውን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ ከብረቱ ካራቅኩት አየር ይገባል)። ዝገት? ጠርጌዋለሁ።

ረቡዕ

በሩን ዘግቼ፣ እጄን አስጠግቼ ቁራጭ ብረት ላይ ሞከርኩ። ያው ቀዳዳ። ሌላ ኤሌክትሮድ ላወጣ ስል ጣቴ ረጠበ።

ጋሽ ላምቤቦ ኤሌክትሮዶቹን በለጋ የእንሰት ቅጠል ይጠቀልሏቸዋል፣ ከላያቸው የተለበጠው ልባስ እንዳይረግፍ። እናቴም ቅቤዋን እንዲሁ ስለምትጠቀልል አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። ቅጠሉ አልቦታል፤ ልባሱ ላቡን ጠጥቷል፤ እሳቱ ውሃውን ጋዝ ያደርገዋል፤ ብረቱ ደግሞ ጋዙን ይጠጣል። ከጓሯችን ቅጠል እስከ ብረት ልብ ድረስ! ብቻዬን ሳቅሁ።

ግን እንዴት ልንገራቸው? እኔ ሳልወለድ የሚበይዱ ሰው ናቸው።

ሐሙስ

ነገርኳቸው። አየር የሚጠጣ ብረት አባታቸውም እንዳላዩ ነገሩኝ። ቢሆንም ለመንኳቸውና ሁለት ቁራጭ በየዱ፤ አንዱን ከቅጠሉ በወጣ ኤሌክትሮድ፣ ሌላውን ከሰል ላይ ባጋልኩት ቆርቆሮ ላይ ባደረቅኩት። በመዶሻ ሰበርናቸው። አንዱ ወንፊት፣ ሌላው ድፍን። ሁለቱንም ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩ። ቁራጮቹን አስቀምጠው ወጡ። ቅር አሰኘኋቸው መሰለኝ።

ዓርብ

ስደርስ ከሰሉ ነዷል። ኤሌክትሮዶቹ በሙሉ ቆርቆሮው ላይ ተደርድረዋል። ጋሽ ላምቤቦ ቀድመውኝ ገብተዋል! እሳቸው ነፋሱን በላሜራ ከለሉልኝ፣ እኔ መስመሩን እንደገና በየድኩ። ታንከሩን ሞላነው። ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ መጥተው አይተው ተመለሱ።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ላምቤቦ መዳፋቸውን በመስመሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፉ፤ መዳፋቸውንም አዩት። ከዚያ ተቀምጠው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ምሳቸውን ፈቱ።

«ቅጠሉ ለቆጮ ይሁን» አሉ። «ና ብላ፣ ልጄ።»

አንዴ እጎርሳለሁ፣ አንዴ መስመሩን አያለሁ። እስካሁን ደረቅ ነው።